ኦፔት በ«ዋተርሼድ» አላበቃም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የሄቪ ሜታል አድማጮች ብዙ የተቀባበሉት አንድ ጽሑፍ አለ። ለእኔ ብቻ ሦስት ወዳጆቼ በተለያየ ቀን ልከውልኛል፤ ሦስቱም «አንተስ ምን ትላለህ?» ብለው ጠይቀውኛል። ጽሑፉ የስዊድኑን ፕሮግሬሲቭ ሜታል ባንድ የኦፔትን የቀድሞና የኋላ አልበሞች ያነጻጽርና፣ እውነተኛው ኦፔት በ2008 በወጣው «ዋተርሼድ» አብቅቷል የሚል ፍርድ ይሰጣል። በጥንቃቄ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ባንዱን ከልባቸው የወደዱ ሰው እንደሆኑ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ይታያል። ብዕር ያስነሣኝም ይኸው ነው፤ ባንዱን የማያውቅ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ አንብቤ አልፈው ነበር።

የጸሐፊውን ሐሳብ ሳላዛባ በአጭሩ ላስቀምጥ። በመጀመሪያ፣ በ2011 «ሄሪቴጅ» ሲወጣ ባንዱ ከራሱ ታሪክ ጋር ተቆራርጧል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ስሙን ብቻ የያዘ ሌላ ባንድ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ የኦፔት መለያ መሪው ሚካኤል ኦከርፌልት ከጉሮሮው ሥር እያወጣ የሚያጓራበት፣ እኛ አድማጮች ግሮውል የምንለው አዘፋፈን ነበር፤ እርሱ ሲቀር የከባዱና የለስላሳው መፈራረቅም አብሮ ጠፋ ይላሉ። ሦስተኛ፣ ይህ የተደረገው ሰፊ ገበያ ለማግኘት ነው። አራተኛ፣ የቀድሞዎቹ አልበሞች አዲስ ነገር ሲፈጥሩ የኋለኞቹ ግን የ1970ዎቹን ባንዶች ከመቅዳት አላለፉም። በመጨረሻም፣ በ2024 በወጣው «ዘ ላስት ዊል ኤንድ ቴስታመንት» ማጓራቱ ተመልሶ መምጣቱ ኦከርፌልት ለ13 ዓመት መሳሳቱን ራሱ ያመነበት ነው ሲሉ ይደመድማሉ። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ልመን። «ሄሪቴጅ»ን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት እኔም ቅር ብሎኛል። ከዚያ በፊት ለዓመታት ጆሮዬ የለመደው «ብላክዋተር ፓርክ»ን ነበር፤ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ ገልብጦ ሰጥቶኝ ማታ ማታ መብራት አጥፍቼ በጆሮ ማዳመጫ እሰማው ነበር። አዲሱ አልበም በፒያኖ ብቻ ሲጀምር «አሁን ይመጣል» እያልኩ ጠበቅሁ፤ የጠበቅሁት ሳይመጣ አልበሙ አለቀ። ስለዚህ የጸሐፊውን ሐዘን አውቀዋለሁ። የማልስማማው ያንን ሐዘን የባንዱ ታሪክ አድርገው በማቅረባቸው ነው።

ባንዱ በ2011 ከታሪኩ ተቆራረጠ ለማለት፣ ከዚያ በፊት የነበረው ታሪክ አንድ ወጥ መሆን ነበረበት። አልነበረም። በ1996 የወጣውን «ሞርኒንግራይዝ»ን እንመልከት። በውስጡ ያሉት ዘፈኖች አምስት ብቻ ሲሆኑ በድምሩ ከ66 ደቂቃ በላይ ይወስዳሉ፤ አንዱ ብቻውን ከ20 ደቂቃ ያልፋል። የአልበሙ መዝጊያ «ቱ ቢድ ዩ ፌርዌል» ግን 11 ደቂቃ ያህል ሲጓዝ አንዲት የማጓራት ድምፅ አይሰማበትም። በ1999 በ«ስቲል ላይፍ» ላይ «ቢናይትድ»፣ በ2001 በ«ብላክዋተር ፓርክ» ላይ «ሃርቨስት» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዜማ ድምፅ የተዘፈኑ ናቸው። በ2003 የወጣው «ዳምኔሽን» ደግሞ ሙሉ አልበሙ እንዲሁ ነው፤ ማጓራት የለም፣ የዴዝ ሜታል (የከባዱ የሜታል ዘርፍ) ጊታር የለም፣ ሜሎትሮን (በቴፕ የተቀረጹ የመሣሪያ ድምፆችን የሚያጫውት የድሮ ኪቦርድ) ግን በብዛት አለ። ይህ የሆነው ከ«ሄሪቴጅ» ስምንት ዓመት አስቀድሞ ነው። ጸሐፊው «ዳምኔሽን»ን እንደ ልዩ ሙከራ ቆጥረው በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፈውታል። ከከባዱ «ደሊቨራንስ» ጋር በአንድ ወቅት የተቀረጸ መንትያ አልበም መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም ለክርክሩ ዋናው ማስረጃ የሆነውን አልበም «ልዩ» ብሎ ከሒሳቡ ማውጣት ክርክሩን አያሸንፍም።

«ሌላ ባንድ ነው» የሚለውን ቃል በቃል ከወሰድነው ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳቸዋል። በ1995 የወጣውን የመጀመሪያውን አልበም «ኦርኪድ»ን ከቀረጹት አራት ሰዎች መካከል በ«ዋተርሼድ» ላይ የቀረው ኦከርፌልት ብቻ ነበር። በአንጻሩ «ዋተርሼድ»ን የተጫወቱት አምስቱ ሰዎች፣ ማለትም ኦከርፌልት፣ ጊታሪስቱ ፍሬድሪክ ኦከሶን፣ ቤዚስቱ ማርቲን ሜንዴዝ፣ ድራመሩ ማርቲን አክሰንሮትና ኪቦርድ ተጫዋቹ ፔር ቪበርይ፣ «ሄሪቴጅ»ንም የተጫወቱት እነርሱው ናቸው። ጸሐፊው የመጨረሻው እውነተኛ አልበም ያሉትና የመጀመሪያው ሐሰተኛ አልበም ያሉት የወጡት ከእነዚሁ አምስት ሰዎች እጅ ነው። ቪበርይ ባንዱን የለቀቀው ቀረጻው ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ ይህም በሽፋኑ ሥዕል ላይ ይታያል፤ የባንዱ አባላት ፊት እንደ ፍሬ ከተንጠለጠለበት ዛፍ አንዱ ፊት ወደ መሬት ሲወድቅ ተሥሏል። ሜንዴዝ ደግሞ በ1997 ከገባ ወዲህ እስከ ዛሬ አልወጣም። በ«ብላክዋተር ፓርክ» ላይ ቤዙን የሚመቱት ጣቶችና በ2024 አልበም ላይ የሚመቱት ጣቶች የአንድ ሰው ናቸው።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው ለለውጡ ተጠያቂ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ የእንግሊዛዊው ሙዚቀኛ የስቲቨን ዊልሰን ተጽዕኖ ነው። ዊልሰን «ሄሪቴጅ»ን ሚክስ ማድረጉ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች አመጣጥኖ ማዋሐዱ፣ እውነት ነው። ነገር ግን ጸሐፊው የባንዱ ጫፍ ያሉትን «ብላክዋተር ፓርክ»ን ከባንዱ ጋር ፕሮዲዩስ ያደረገውም እርሱ ነው። አንድ ሰው በ2001 ላመጣው ተመስግኖ በዚያው መንገድ በ2011 ለተገኘው ሊወቀስ አይገባም።

ሁለተኛው ነጥብ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ከፊሉ እውነት ነው። የኦከርፌልት ማጓራት ከዘርፉ ምርጥ ድምፆች አንዱ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙዎች በዚህ አዘፋፈን ግጥሙን ውጠውት ሲያስቀሩት እርሱ ግን ቃላቱ ተለይተው እንዲሰሙ አድርጎ፣ ከሆዱ ጥልቀት አውጥቶ ያደርሰዋል። አንድ አድማጭ ይህ ድምፅ ሲቀር ጎደለብኝ ቢል ትክክል ነው። ከዚህ ተነሥቶ «የባንዱ ማንነት እርሱ ነበር» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። ጸሐፊው የእውነተኛው ዘመን መዝጊያ ያደረጉት «ዋተርሼድ» ሰባት ዘፈኖች አሉት፤ ማጓራት የሚሰማው በሦስቱ ብቻ ነው። መለኪያው ማጓራት ከሆነ ይህ አልበም ራሱ ግማሽ መንገድ ሄዷል።

በዚያው አልበም ላይ «በርደን» የተሰኘው ዘፈን እንዴት እንደሚያልቅ ልብ ብሎ መስማት ይጠቅማል። ዜማው ካበቃ በኋላ አንድ አኩስቲክ ጊታር ለብቻው ይቀራል፤ ተጫዋቹ ክሮቹን እየነቀሰ ሳለ መቃኛዎቹ ይላላሉ፣ ድምፁ ቀስ በቀስ ይወርዳል፣ የነበረው ቅኝት እየፈረሰ ሄዶ በመጨረሻ የሚሰማው የላላ ክር ብቻ ይሆናል። ክራር ሲቃኝ የሰማ ሰው ሥራውን ከኋላ ወደ ፊት ቢያስበው ያገኘዋል። ይህን የመሰለ የሚያስፈራ ቅጽበት የተፈጠረው ያለ ጩኸት፣ ያለ ከባድ ጊታር፣ በአንድ መሣሪያ ነው። እኔ ኦፔት የምለው ይህንን ነው፦ ጆሮ የተማመነበትን ነገር ቀስ ብሎ ከሥሩ መናድ።

የከባዱና የለስላሳው መፈራረቅም አልጠፋም፤ የሚሠራበት መሣሪያ ተለወጠ እንጂ። «ሄሪቴጅ» ላይ ያለውን «ፋሚን» እንውሰድ። በእጅ ከበሮና በዋሽንት ይነሣል፤ ከዚያ ሁሉም ዝም ይልና ፒያኖና የኦከርፌልት ድምፅ ብቻቸውን ይቀራሉ፤ ቆይቶ ዝግ ያለ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ የጊታር ሪፍ (ተደጋግሞ የሚመታ አጭር ሐረግ) ይገባል፤ ዋሽንቱም በላዩ ላይ እየጮኸ ይመለሳል። በዚህ ዘፈን ውስጥ ያለው ርቀት «ብላክዋተር ፓርክ» ላይ ካለው ያነሰ አይደለም። ለውጡ፣ ቀድሞ ድምፁ ሲቀየር «አሁን ከባዱ መጣ» ብሎ የሚነግረን ምልክት ነበረን፤ አሁን ግን ምልክቱ ስለሌለ ራሳችን ልንሰማው ይገባል። ለእኔ ይህንን ለመስማት ሦስት ዓመት ያህል ወስዶብኛል፤ የተረዳሁትም «ፔል ኮሚዩኒየን» በ2014 ወጥቶ፣ የመጨረሻው ዘፈን ላይ የቫዮሊን ቤተሰብ መሣሪያዎች ተደርበው ሲገቡ ነው።

የዘፈኖቹ ርዝመት አጥሯል የሚለውን በደስታ እቀበላለሁ። «ሄሪቴጅ» አሥር ዘፈኖች አሉት፣ «ሞርኒንግራይዝ» ግን አምስት። ርዝመትን ከጥልቀት ጋር እኩል ማድረግ ግን አይቻልም። የቀድሞዎቹ ዘፈኖች ብዙ ጊዜ አንዱ ሪፍ ሌላውን ተከትሎ እየመጣ፣ የቀደመው ሳይመለስ የሚጓዙ ናቸው። የ«ሞርኒንግራይዝ»ው ረጅም ዘፈን «ብላክ ሮዝ ኢሞርታል» 20 ደቂቃውን ሲጨርስ የተሰሙት ውብ ሐሳቦች ብዙ ናቸው፤ ከመካከላቸው ሁለቱን ቦታ ብናለዋውጣቸው ግን ዘፈኑ የሚጎዳ አይመስለኝም። እወደዋለሁ፤ በተለይ የያኔው ቤዚስት ዮሃን ደ ፋርፋላ ጊታሮቹን መከተል ትቶ የራሱን ዜማ እየዘፈነ የሚሄድበት አጨዋወት ዛሬም ያስደስተኛል። ነገር ግን የ22 ዓመት ወጣት ያገኘውን ሁሉ ሳይመርጥ የከተተበት ሥራ መሆኑ ይሰማል። በዚያ ዘመን የኦከርፌልት የዜማ ድምፅም ገና ዓይን አፋር ነበር፤ ሙሉ ዘፈን በልበ ሙሉነት የሚሸከም ድምፅ የሆነው ቀስ በቀስ ነው።

ስለ ገበያው ብዙ ማለት አያስፈልግም። ገንዘብ የሚፈልግ ባንድ የተዘጋጀለትን መንገድ ትቶ አይወጣም። ከ«ዋተርሼድ» በኋላ ኦከርፌልት በዚያው አካሄድ ሁለት ዘፈኖችን ጽፎ ነበር፤ ሜንዴዝ አዲሱ አልበም በዚህ መልክ ከቀጠለ እንደሚከፋው ሲነግረው ሁለቱን ጥሎ ከባዶ ጀመረ። በ2019 ደግሞ «ኢን ካውዳ ቬኔኑም»ን በመጀመሪያ የጻፈው በስዊድንኛ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቅጂ አብሮ ቢወጣም የሥራው መነሻ 10 ሚሊዮን ያህል ሰው የሚናገረው ቋንቋ ነበር። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ይህ ምን ዓይነት ምርጫ እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው። በ2011 ባንዱ ለ«ሄሪቴጅ» ባደረገው ጉዞ መድረክ ላይ ማጓራት ያለባቸውን ዘፈኖች ጨርሶ አለመጫወቱ፣ ትኬት ገዝቶ ለሄደ ሰው ከባድ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ዘፈኖቹ ወደ መድረክ ተመልሰዋል፤ የመጀመሪያው ምሽት ቅሬታ ግን ተገቢ ቅሬታ ነው።

ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ አራተኛው ነጥብ ነው፤ የቀድሞው ኦፔት ፈጣሪ፣ የኋለኛው ቀጂ ነው የሚለው። የቀድሞዎቹን አልበሞች ስሞች ብቻ ብናይ ይህ እንዴት ስሕተት እንደሆነ ይታያል። በ1998 የወጣው «ማይ አርምስ፣ ዮር ኸርስ» ስሙን ያገኘው ኮመስ ከተባለው የእንግሊዝ ባንድ የግጥም ስንኝ ነው። «ስቲል ላይፍ» የሚለው ርእስ በ1976 ቫን ደር ግራፍ ጄኔሬተር የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ለራሱ አልበም የሰጠው ነው። «ብላክዋተር ፓርክ» በ1970ዎቹ መጀመሪያ የነበረ የጀርመን ባንድ ስም ነው። ሌላው ቀርቶ በከባዱ «ደሊቨራንስ» መካከል ያለችው አጭር የጊታር ሥራ የእንግሊዙን ባንድ የጄነሲስን የ1971 ዘፈን ርእስ ይዛለች። ኦከርፌልት ከወጣትነቱ ጀምሮ የእነዚህን ባንዶች ሸክላ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው፤ ከማን እንደተማረም ደብቆ አያውቅም። እኛ ያልሰማነው በላዩ ላይ የተነባበረው ማጓራትና የጊታር ግድግዳ ጆሯችንን ስለሞላው ነው። «ሄሪቴጅ» ያንን ግድግዳ ሲያነሣ ከኋላው የነበረው ሰው አዲስ የመጣ መሰለን።

ከሜታሉም ወገን ቢሆን ያልተበደረው የለም። በዚያው ዘመን የሜታል ባንዶቹን የአይረን ሜይደንንና የሴልቲክ ፍሮስትን ዘፈኖች ደግመው ተጫውተዋል፤ ሁለቱ ጊታሮች በአንድ ላይ ዜማ እየጎተቱ የሚሄዱበት አጨዋወት ከየት እንደመጣ አይረን ሜይደንን የሰማ ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ የቀድሞው ኦፔት አዲስነት የነበረው ሁለት የማይተዋወቁ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር በማገናኘቱ ነው እንጂ ከምንም በመነሣቱ አይደለም። ይህ ግንኙነት ያስከተለው መደነቅ በ1990ዎቹ አንድ ጊዜ የሚሆን፣ የማይደገም ነገር ነበር፤ የኋለኞቹ አልበሞች ያንን መደነቅ ሊሰጡን አለመቻላቸውን አምናለሁ። ያም ሆኖ የመጀመሪያውን ድንጋጤ አለመድገም ከመቅዳት ጋር አንድ አይደለም።

በርግጥ አበዳሪው በግልጽ የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ። «ሄሪቴጅ» ላይ ያለው «ስሊዘር» በ2010 ለሞተው ለሜታል ዘፋኙ ለሮኒ ጄምስ ዲዮ መታሰቢያ የተሠራ ሲሆን፣ ከመታሰቢያነት አልፎ የራሱ ሕይወት ያለው ዘፈን ሆኖ አላገኘሁትም። «ፔል ኮሚዩኒየን» ላይ ያለው «ጎብሊን» ለጣሊያኑ ባንድ የተሰጠ ሰላምታ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። በ2016 የወጣው «ሶርሰረስ»ም በእኔ ፍርድ ከ«ሄሪቴጅ» እስከ «ኢን ካውዳ ቬኔኑም» ከወጡት አራቱ አልበሞች ደካማው ነው፤ ዘፈኖቹ እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም። ጸሐፊው ማስረጃቸውን በብዛት ያመጡት ከእነዚህ መሆኑ አይገርመኝም። ግን «ፋሚን»ን፣ የ«ፔል ኮሚዩኒየን»ን መዝጊያ፣ ወይም ከ«ኢን ካውዳ ቬኔኑም» የትኛውንም ዘፈን ለአንድ የ1970ዎቹ አድማጭ ብናሰማ የማን እንደሆነ ይነግረናል? አይመስለኝም። ወደ ጨለማ የምታዘነብለው ኮርድ፣ ዜማው ሊያርፍ ሲል ያልተጠበቀ ቦታ ላይ መዞሩ፣ አኩስቲክ ጊታሩ በከባዱ መካከል በድንገት ብቻውን መቅረቱ የኦፔት ናቸው፤ በ1996 የነበሩትም እነዚሁ ናቸው።

የመጨረሻው ነጥብ የ2024ቱ አልበም ነው። ማጓራቱ መመለሱ የስሕተት እምነት ነው የሚለው አባባል አልበሙ ራሱ ምን እንደሚመስል ሳይመለከት የተሰጠ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ አንድ ባለጸጋ የቤተሰብ አባት ሞቶ ኑዛዜው በልጆቹ ፊት ይነበባል። ከስምንቱ ዘፈኖች ሰባቱ ስም የላቸውም፤ እንደ ሕግ ሰነድ ከአንቀጽ 1 እስከ አንቀጽ 7 ተቆጥረዋል። በዚህ ውስጥ ማጓራቱ እንደ ቀድሞው የከባዱ ክፍል ምልክት ብቻ ሆኖ አልመጣም፤ በእኔ ጆሮ ከመቃብር በላይ ሆኖ የሚያዝዘው የሟቹ ድምፅ ነው። በዙሪያው የቫዮሊን ቤተሰብ መሣሪያዎች አሉ፣ የእንግሊዙ ባንድ የጄትሮ ታል መሪ የኢያን አንደርሰን ዋሽንትና ትረካ አለ፣ በአራቱ አልበሞች የተለመደው ዝግ ያለና ክፍት ቦታ የሚተው የድራም አመታት አለ። እነዚህን ሁሉ ባንዱ የተማረው ጸሐፊው የጠፉ ዓመታት ባሏቸው ጊዜ ነው። በ2001 የነበረው ኦፔት ይህንን አልበም ሊሠራው አይችልም ነበር። የተሳሳተ ሰው ወደ ተነሣበት ይመለሳል፤ ይህ ግን በመንገዱ የሰበሰበውን ሁሉ ይዞ የመጣ ነው።

ጸሐፊው ይህንን ምላሽ ካነበቡት አንድ ነገር እጠይቃቸዋለሁ። አንቀጽ 7 ሲያልቅ የሚመጣው፣ በአልበሙ ላይ ስም ያለው ብቸኛ ዘፈን «ኤ ስቶሪ ኔቨር ቶልድ» ነው፤ በውስጡ ማጓራት የለም፣ ኑዛዜው ከተነበበ በኋላ የቀረው ዝግ ያለ ዜማ ብቻ ነው። እርሱን እንደጨረሱ ሳያቋርጡ የ1996ቱን መዝጊያ «ቱ ቢድ ዩ ፌርዌል»ን ይክፈቱት። በሁለቱ መካከል 28 ዓመት አለ፤ ሁለቱም ከብዙ ማጓራት በኋላ አልበሙን የሚዘጉት በዜማ ድምፅ ነው። ጸሐፊው የባንዱ ታሪክ የተቆረጠበትን ቦታ በሁለቱ መካከል ካገኙት ቢያሳዩኝ በደስታ አነባለሁ።